አቤቱታ የለም

መዝገብ ያዥ ነኝ፤
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ ከደቻቱ አሸዋ ማዶ።
ቤቱ የአካል ጉዳተኞች ነው፤ የእኔ ሥራ ግን ወረቀት፣ በአቃፊ በአቃፊ ተሰናድዶ፦
የፈቃድ ማደሻ፣ የሠራተኛ ውል፣ የመድኃኒት ሰዓት፣
የበሩ ስፋት በሜትር፣ የመወጣጫው ቁልቁለት።

ሕግ ሲመጣ አውቀዋለሁ፦ ነጭ ፒክአፕ የሚነዳ፣
አቧራ ጠጥቶ የሚወርድ፣ ውሃ የሚጠይቅ እንግዳ።
ከሁለት ቀን በፊት ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤
የተሰበረው ተሽከርካሪ ወንበር ጓሮ ወጥቶ ሸራ ይደረብበታል።

አንቀጽ አለ፦ «ተገልጋይ ቅር ሲለው የሚጽፍበት
ሣጥን ይሰቀል፤ በዐሥር ቀን መልስ ይሰጥበት።»
ሰቀልን። ቀይ ሣጥን፣ ቁልፉ ከእኔ፣ ከቢሮው በር ጎን ከፍ ብሎ፣
ለቆመ ሰው ትከሻ ተለክቶ፣ በሁለት ምስማር ተንጠልጥሎ።
(ስንቶቻችን እንቆማለን? የጠየቀ አልነበረም።)

በወር በወሩ እከፍታለሁ።
የሐምሌ፦ አንድ ወረቀት፣ ባዶ። ቀደድሁት።
የነሐሴ፦ አንድ ወረቀት፣ ባዶ። የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ደመርሁበት።
የመስከረም፦ ባዶ። የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥሁበት።
መዝገቡ ላይ በእጄ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም፦
አቤቱታ የለም። አቤቱታ የለም። አቤቱታ የለም።

በጥቅምት ኢፍቱ ከነክራንቿ ወደቀች፣ ከመታጠቢያው ሴራሚክ ላይ፤
የአደጋ መዝገባችን ግን ጥርት ያለ ነው፣ ልክ እንደ ድሬ ሰማይ።
ሥራ አስኪያጁ «ፈቃዱ ይታደስና ይጻፋል» አለኝ።
እሺ አልሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ።
እሺ ስትባል ቀላል ናት፤ ኋላ ነው የምትከብድ።

በኅዳር ሰዓዳ የምትባል ተቆጣጣሪ መጣች፤
ሜትር ዘርግታ በሩን ለካች፣ መወጣጫውን ለካች፣
መታጠቢያ ቤቱን ከደጃፍ ቆማ፦ «ወለል፤ ያሟላል።»
ያሟላል። ያሟላል። ብዕሯ እንደ ባጃጅ ይሮጣል።
ከዚያ «ሣጥኑን ክፈተው።»

አንድ ወረቀት። «ባዶ ነው» አልኋት፣ እጄን ዘርግቼ ልጥለው።
እሷ ግን አውራ ጣቷን አሳለፈችበት፤
ጎርበጥ፣ ጎርበጥ አለባት።
«ባዶ አይደለም ይሄ። እዚህ ቤት ወስፌ ያለው ማን ነው?»

ዘከሪያ ነው። ዓይኑ ሳይከዳው መጋላ ጫማ ሰፊ ነበረ።
ግድግዳውን ተደግፎ መጣ፤ አዲሱ ኖራ መዳፉ ላይ ቀረ።
በጣቱ አነበበ፣ ቀስ ብሎ፣ ስፌት እንደሚቆጥር፦
«ይህ አራተኛዬ ነው።
በሐምሌ፦ የመታጠቢያው ወለል ያሟልጫል ብያለሁ።
በነሐሴ፦ ኢፍቱ ትወድቃለች ብያለሁ።
በመስከረም፦ መያዣ ብረት ትከሉ፣ ወጪው ከከበዳችሁ ገመድም ይበቃል ብያለሁ።
አሁን የምጠይቀው አንድ ነው፦
ዐሥሩ ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በቅጹ ያሟላል፤ በጣቱ ያሟልጫል።
ልዩነቱ አንዲት ጫ ናት፤
እዚያች ጫ ላይ ነው ኢፍቱ የተንሸራተተችው።
ሰዓዳ ብዕሯን አልከደነችም፣ አልጻፈችምም።

የአደጋ መዝገቡን እኔው አመጣሁ፤ ያዘዘኝ የለም።
ቀኑን ጻፍሁ፤ ከሥሩም የእኔኑ ስም።

ፈቃዱ ለሦስት ወር ተንጠለጠለ። ሣጥኑ ግን ወረደ፤
ኢፍቱ ከነጀሶዋ ቁጭ ብላ
«ገና… ገና… በቃ» እያለችኝ ምስማሩን መታሁ።

ዘከሪያ ማታ ማታ ያስተምረኛል። ጣቴ ገና ማይም ነው።
የሽንኩርቱ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤
ከድምሩ ሥር ብዕሬ ነጥቦቹን ጨፍልቋቸዋል።
ትናንት እንደምንም ሁለት ፊደል ለየሁ፦
ኢ። ፍ።
እዚያ ላይ ጣቴን አነሣሁ።