ናሙና ዐሥራ አንድ

በየዓመቱ ግንቦት፥ በረዶ ሲከዳ፣
ከላፕላንድ ይመጣል፥ አንድ ጥቅል ዕዳ፤
በሲባጎ ታስሮ፥ ቴምብሩ ተደርድሮ፦
«ይድረስ ለመንግሥት የከርሰ ምድር ቢሮ።»

ኤሊስ ነው። «አየሁት፥ ሲያበራ በጀንበር፤
ወርቅ ከሆነ ስጡት፥ በካርታው ላይ መንበር።»
ሂልካ ትፍቀዋለች፥ አሲድ ጠብ ታደርጋለች፤
«ሚካ ነው፥ ወርቅ አይደል» ብላ ትጽፋለች።

ዐሥር ግንቦት እንዲህ፤
ዐሥር ድንጋይ፥ ዐሥር «አይደለም»።

ዘንድሮ የመጣው ጥቁር ነው፥ አያበራም፤
ጽሑፉም አጭር ነው፥ ስለ ወርቅ አያወራም፦
«ሊምፒ ከሳውና ወጥታ ትቀመጥበት ከነበረው
በመዶሻ ጠርቤ ነው።
ቤቱን ሸጥኩት፤ ልጄ ከተማ ይወስደኛል።
ቦታውን መንግሥት ቢያውቀው ይሻለኛል።»

ካርታውን ዘረጋች። ሮዙ ግራናይት ነው፣
አረንጓዴው ባዛልት፤ ይሄ ምን ቀለም አለው?
በእርሳስ፥ ስስ አድርጋ፥ ነጥብ አኖረችና፣
ማኅተሙን እፍ አለች፤ ጻፈች እንደገና፦

«ናሙና ዐሥራ አንድ። ጋብሮ።
ዕድሜ፦ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ።
ወርቅ፦ የለም።
ማስታወሻ፦ አንድ ጎኑ ለስልሷል፤
በውኃም፥ በበረዶ ግግርም አይደለም።»