ሰባተኛው ቅድሚያ

መጋቢት ነው ይላሉ፤ በረዶው ግን አልሰማም፣
ከሱፒሪየር ሐይቅ ይጋልባል፣ ከቀን መቁጠሪያ አይስማማም።
መዳቡ ያለቀበት ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው ብቻ የቀረበት፣
አምስተኛ ፎቅ፣ ዘጠኝ ሰው፣ በጀት የሚሰፈርበት።
አሥረኛዋ እኔ ነኝ፤ ድምፅ የለኝ፣ ብዕር አለኝ፤
የተባለውን ሳይሆን፣ "ይመዝገብ" የተባለውን ልጽፍ የሚከፈለኝ።

አጀንዳ አንድ፦ ዕድገት።
ፕሬዚዳንቷ ዶክተር ማርጎ ፔልኪ ብርሃን ግድግዳ ላይ ጣሉ፤
ቀይ መስመር፣ ገደል እንደለመደ ፍየል፣ ሽቅብ ነው ውሉ።
ተማሪው በስንት እጅ አደገ፣ ምርምሩ ስንት አመጣ፣
ስማችን ከስንተኛ ረድፍ ተነሥቶ ስንተኛ ላይ ወጣ።
ተጨበጨበ።
ጻፍኩት፦ "ተጨበጨበ።"

አጀንዳ ሁለት፦ ቅድሚያ።
"ገንዘብ አንድ፣ አፍ ብዙ" አሉ የሒሳብ ሹሙ ዌንደል፤
አልጨመሩበትም እንጂ፣ አፍ ሁሉም እኩል አይደል።
አንደኛ፦ የመስታወቱ ሕንፃ፣ ሲሶው በለጋሽ የተሸፈነ፣
ጉድጓዱ ገና ሳይቆፈር የበሩ ላይ ስም የተወሰነ።
ሁለተኛ፦ ኮምፒውተር፣ አራት ክፍል የሚሞላ፣ ያስባል የተባለ፤
ሦስተኛ፦ የሆኪ ሜዳው ጣሪያ፣ ማንም "ለምን" ያላለ።
አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ... እጄ ደከመ።
ሰባተኛ፦ የብረት መፈተሻው ቤተ ሙከራ፣ ክዳኑ የታመመ።

አምስት ደቂቃ ተሰጣቸው ለኤይኖ ላሕቴላ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ጎታች፣ ከዚያ ቤት በቀር የማያውቁ ሌላ።
ወረቀት አልያዙም፤ ኮታቸው የዘይት ሽታ አለው፤
ከኪሳቸው ብሎን አወጡ፣ ከወገቡ የተሰበረ ነው።
ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ቀስ ብለው፣ እንደ እንቁላል።

"ይኼ" አሉ፣ "ከወንዙ ድልድይ የመጣ ነው።
መንገድ ሥራ ላከልን፣ ስንት ይሸከማል ብሎ።
ማሽናችን ሰበረው፤ ቁጥርም ሰጠን።
ቁጥሩን አላመንኩትም፤
ጣሪያው የሚያንጠባጥበው መለኪያው ላይ ነበርና።
ሦስት ቀን የሱን ወንድሞች ጎተትን፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ዓይነት ቁጥር።
እኔ ቤቴ የምገባው በዚያ ድልድይ ነው።
የልጆቻችሁም አውቶቡስ በዚያው ነው።
ቁጥሩን የሚያነብ ሰው 'ዩኒቨርሲቲው ነው ያለው' ብሎ ይተኛል፤
ከኛ ጀርባ የሚጠይቀው የለም።
ጨርሻለሁ። ሁለት ደቂቃ ተርፎኛል፣
እሱን ለጣሪያው ስጡልኝ።"

አንዱ ሳቀ። ፕሬዚዳንቷ ግን አልሳቁም።
ብሎኑን አንሥተው የስብራቱን ፊት በጥፍራቸው ዳሰሱት፤
እሳቸውም ድሮ የብረት ተማሪ ነበሩ።
"ለጋሽ ጣሪያ አይገዛም፣ ኤይኖ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣
"ጣሪያ ላይ ስም አይቀረጽም።"

ጻፍኩ፦ "አቶ ላሕቴላ ስለ ማብራሪያቸው ተመሰገኑ።
ሰባተኛው በሰባተኛነቱ ጸና።"

ማታ ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ በረዶው ጉልበት ሲያክል፣
አንድ መስኮት ብቻ በርቷል፣ ማጥፋቱ የተረሳ ይመስል።
ገባሁ። ዴሊያ ሳቮላ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣
ከባልዲው ሥር ተንበርክካ፣ የጠብታ ቆጣሪ።
ጠብ... ጠብ... በመለኪያ ብርጭቆ ትቀበላለች፣
ሰዓቷን ታያለች፣ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች።
"የመመረቂያ ሥራዬ ነው" አለች፣ ሳታፍር፣ ሳትስቅ፤
"በረዶው ስንት ሲከብድ፣ ክዳኑ መቼ እንደሚወድቅ።"
ወረቀቷን ዘረጋችልኝ፤ በእጅ የተሳለ መስመር፣
እሱም ቀይ፣ እሱም ሽቅብ፤ የዚያ የፍየሉ ወንድም ነገር።

ቤቴ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን ሳስተካክል
ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር።
ማን እንዳነሣው አላውቅም አልልም።
ወረቀቱ እንዳይበር ጫንኩት፤
ከዚያም በአጀንዳ አንድ ሥር፣ "ዕድገት" ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣
የዴሊያን ቁጥር ጻፍኩ፦
በሰዓት ሁለት መቶ አርባ ሚሊ ሊትር፣ እየጨመረ።

ነገ "ይሰረዝ" ይሉ ይሆናል።
እስኪሰረዝ ግን ተመዝግቧል።