መቅዳት ክልክል ነው

የጎሽ ቆዳ ፍቀን፣ ጅማቱን ፈትለን፣
ባልዲውን የሰፋን እኛ ነን፣ እኛ ነን።
በሬ እየጎተተው ከጉድጓድ ሲወጣ፣
መንደሩ ሲረካ፣ ሸንኮራው ሲጠጣ፣
እኛ ከቅጥሩ ሥር ቅል ይዘን ቆመን
የሚያፈስልን ሰው ጠበቅን፣ ለመንን።
"ጥላችሁ ካረፈ ምንጩ ይረክሳል" ሲሉ
በሰፋነው ባልዲ መቅዳት ከለከሉ።

ያ ድሮ ነው፣ በማራትዋዳ፣ ድንጋዩ ከአፈሩ በሚበዛበት።
አሁን ጉድጓዱ ደርቋል፤ ባልዲውም ሆኗል ብረት።
እኔ የዳጋዱ ልጅ ሹባንጊ፣ ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤
ማታ ስልኬን እንደ ኩራዝ ይዤ ስለ ወገኔ እጽፋለሁ፣
ዓለም ሁሉ ገብቶ በሚያርመው ሰነድ፣
ስሙ ተዘርዝሮ ነገድ በየነገድ።

በስማችን ሥር ሦስት መስመር ብቻ ነበረ፣
አንድ የእንግሊዝ ሹም፣ በቅሎ ላይ ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የጫረ፦
"ቆሻሾች፣ ጥንብ በሎች፣ እጃቸው የማይታመን።"
ሰረዝኩት። መለሰው። ሰረዝኩት። መለሰው።
"ምንጭ አለው እኮ እህቴ፤ ደንብ እናክብር፣ እንተማመን።"

አቺዩት ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ አንደበቱ የለዘበ፤
"ደራሲው ሞቷል፣ መብቱም አልፏል" ብሎ ደንቡን አነበበ፤
"ማንም እንደ ልቡ ይቅዳው፤ ነፃ ነው" ሲለኝ
ስድቡ ነፃ ወጥቶ፣ እኔ መታሰሬ ገባኝ።

ሳጥን ፈትሼ የማኅበራችንን ጥራዝ አወጣሁ፤
ምስጥ የቀመሰውን፣ አባቴ በጨርቅ የጠቀለለውን፣ ገጽ በገጽ አየሁ፦
"እኛ የንጉሥ ዘር ነን፤ ሰይፋችን ተነጥቆ
ወስፌ የጨበጥን፣ ስማችን ተደብቆ።"
እየገለበጥኩ ጻፍኩ፣ እስኪቀላ ምሥራቁ፤
ስነቃ ተሰርዟል። "መቅዳት ክልክል ነው፤ ባለመብቱን ጠይቁ።"

መቅዳት ክልክል ነው።
ቃሉን አውቀዋለሁ። የአያቴም ቅል ያውቀዋል።

"ደግሞስ" አለ አቺዩት፣ "ስለ ራስ የጻፉት ምስክር ይሆናል ወይ?"
ሹሙስ? ከበቅሎው ወርዶ አንድ ቀን ጠይቆን ያውቃል ወይ?

በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት፣ ላቱር፣ ከገበያው ዳር፣
ማተሚያ ቤቱ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ወራሹ ማዱካር
ሳቀ። "መብት?" አለ፣ "ውሰጂው። አባቴ ያላተመው ነገድ የለም፤
ፊደል ለቃሚው ስሙን ይቀይራል እንጂ ንጉሡን አይነካም።"
ከመደርደሪያ አወረደ፦ የዘይት ጨማቂው፣ የገመድ ፈታዩ፣ የእረኛ፤
ዘጠኝ ጥራዝ፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሰይፍ፣ ከየሽፋኑ ሥር አንድ "እኛ"።

ሻይ አዘዘልኝ። ጠጣሁት። መራራ ነበር፣ ወይም እኔ ነበርኩ።
ስድቡ ምንጭ ነበረው። ክብሬን ግን ከሰው ቀድቼ ለበስኩ።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ወራሹን ከወራሪው የለየው አንድ ፊደል ብቻ ነበር።

አባቴን ጠየቅኩት፦ "ንጉሥ ነበርን?" ጣቱ ባዶ አየር ይሰፋል።
"ንጉሥ አላውቅም። ስፌቱ ድርብ ነው፤ ነጠላ ከሆነ ውኃ ያልፋል።"
"ከየት ተማርከው?"
"ከእጅ።"
"እጁስ?"
"ከሌላ እጅ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደክሞታል።

ማታ የሹሙን ስድብ አልሰረዝኩትም፤ የተናጋሪውን ስም አጎላሁና
ከሥሩ አንድ መስመር አከልኩ፣ ንጉሥ የሌለበት፣ ጎንበስ ቀና፦
"ባልዲውን እነሱ ሰፉት። ከጉድጓዱ ግን አልጠጡም።"
አቺዩት በደቂቃ ደረሰ፤ እሱም እንደ እኔ አይተኛም።
"ምንጭ?" አለ።

ምንጭ።

ቃሉን አየሁት። የጽሑፉ ዘንግ ብልጭ ድርግም ይላል።
"ምንጩማ ነበረ" ብዬ ጻፍኩ፤ "መቅዳት ነው የከለከላችሁን፣ ይኸው ነው በቃ፣ ይበቃል።"
አልላክሁትም።
የአባቴ ወስፌ ከስልኬ አጠገብ ተጋድሟል፤
እጀታው አልቋል። ጫፉ ዛሬም ይወጋል።