ካብ ለካብ

ጓሮዬ ተዳፋት፣ የጅሬን ዝናብ ክፉ፣
ጎመን ከነሥሩ ሲወስደው በዶፉ፣
አፈሬ ተጠርጎ፣ ባጥር ሥር አልፎ
ያድራል ከአባዝናብ ደጃፍ ተነጥፎ።
"ውሰጂ አፈርሽን!" ይላል በማለዳ፤
"ሞክሼህን ጠይቅ፣ የዝናቡን ዕዳ።"
ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ካብ ሳይኖር በመሃል፣
ካብ ለካብ ስንተያይ ጎመኑ አልቋል።

ከዘንድሮ ዕቁቤ አራት ሺህ ብር ቀረ፤
ሲሚንቶ ጠየቅሁኝ፤ ቦርሳዬ አፈረ።
መርካቶ በኩል ግን አሮጌ መጋዘን ፈርሶ
ወለሉ ተከምሯል፣ እንደ ዳቦ ተቆርሶ።
"ውሰጂው፣ በነጻ።" ባጃጁን ከፍዬ
ናስር ስድስቴ ጭኖ፣ በሰባተኛው ላይ "እትዬ፣
ጎማዬን ገደልሽው!" ብሎኝ ተሰወረ።
ክር ወጥሬ ቆፈርኩ፤ ትልቁ ከሥር ተደረደረ፣
እስከ ጉልበት ቆመ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ዘብ፤
እኔም ኮራሁ። መጣ አባዝናብ።

"ቀጥ ያለ ይወድቃል፤ ወደ አፈሩ ዘንበል፣
ጠጠር ከጀርባው። ታዲያ ውሃው ወዴት ይበል?"
"ወዳንተ እንዳይፈስ ብዬ ነው የደፈንኩት።"
አካፋውን ተክሎ፣ ዝም ብሎ አየኝ ጥቂት።
"የታፈነ ውሃ ካብ ይጥላል፣ ልጄ፤
ቀዳዳ ተዪለት፤ ይምጣ ወደ ደጄ።"

አፍርሰን ካብነው። መሸብን። ሁለት ክፍተት፣
የጡብ ስፋት ያላቸው፣ ወደ እሱ ፊት።

ትናንት ሌሊት ጣለ። በባትሪ ወጣሁ፤
አፈሬን ፈለግሁት፤ ካለበት አገኘሁ።
ውሃው በቀዳዳው ጠራ ብሎ ይወርዳል፤
ከታች አባዝናብ፣ ጆንያ ራሱ ላይ ደፍቶ፣
ለውሃዬ ቦይ ይምሳል፣ በሌሊት ተነሥቶ።