በጫማ የመጣ ተራራ

ከአምባሳደር በታች፣ ከፌርማታው ጥግ፣
መስቀሌ ተቀምጦ ጫማ ሲፈትግ፣
በዓመት አራት ጊዜ ከባሌ ስመለስ
ሻንጣዬን እንዳዘልኩ፣ ገና ቤት ሳልደርስ፣
እግሬን አኖራለሁ ከሳጥኑ ላይ።
እሱም ቀና ሳይል፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ
ሶሉን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ያሸታል፤
«ጋይሳይ ውለሃል» ወይ «ሳነቴ ነህ» ይለኛል።

በጥቅምት ጭቁኝ ነው፤ ማሰሪያው ላይ ሽታው፣
የደጋ አጋዘኑ ተኝቶ ያደቀቀው።
«ቀንዱ ይጠመዘዛል?» አለኝ አንድ ዕለት።
በብሩሹ እጀታ አየር ላይ ሣልኩለት።

በጥር አቧራ ነው፤ አመድማ፣ ቀጭን፣
ሌሊት ውርጭ የመታን፣ ቀን ፀሐይ የጠበሰን።
አንድ ቀይ ቀበሮ፣ ከፍልፈል ጉድጓድ ደጅ
ጆሮውን አቁሞ፣ ልክ እንደ ወዳጅ
(ምን ወዳጅ፣ አድብቶ!) ሲጠብቅ አየሁት፤
ጣቴ እስኪደነዝዝ ቁጭ ብዬ ቆየሁት።
ይኼን ሳወራለት ከት ብሎ ሳቀና
«እኔም ለጫማ ሳደባ ያው ቀበሮ ነኝና!»

ሚያዝያ ላይ ጥላሸት። ጥቁር፣ ቀላል ነገር፤
የተቃጠለ አስታ፣ የገደሉ ዳር ዳር።
መስቀሌ ዝም አለ። ቀለም አልቀባኝም።
«ጥቁር ላይ ጥቁር» አለ፣ «ዛሬ አልጨምርም።»
«ጸደይ እንዲህ ነው ወይ?» ሎተሪ አዟሪው፣
«ጸደይማ መስከረም፣ በአደይ ነው የማውቀው።»
ስንቱን ያሳሳተ! ልነግረው ጀመርኩና
ተውኩት፤ ዝናብ ጣለ፣ ታክሲም መጣና።

በነሐሴ ጭቃ። የሐረና ጫካ
ጭጋግ ለብሶ ሲውል፣ ቀርከሃው ሲነካካ፣
መንገድ የለም፤ ያለው እግር የሚውጥ ቀይ፣
ጢም ያበቀለ ኮሶ፣ የሚያንጠባጥብ ከላይ።
እዚህም ያው ነበር፤ ጎርፉ ሲያልፍ በሥራችን፣
ላስቲክ ተከልለን፣ ርሶ ትከሻችን፣
መስቀሌ በማንኪያ ጫማዬን ሲፈቀፍቅ
ግማሽ ኪሎ ባሌ መሬት ላይ ዱብ ሲል፣ ጠብ ሲል፣ ሲወድቅ...

አልጣለውም።

ያኔ ነው ያየሁት፤ ከሳጥኑ ወለል
የቀለም ቆርቆሮ፣ አራት፣ ተደርድሯል።
ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ፦ ጥቅምት። ጥር። ሚያዝያ።
አራተኛው ባዶ ነው፤ ክዳኑም ወዲያ።

«ለምን?» ማለት ከበደኝ። እሱም አልነገረኝ።
ጭቃውን በአውራ ጣት ጠቅጥቆ ሲሞላ
እንደ ሰው ገንዘብ ነው የተጠነቀቀው፤
ትራፊውን በጨርቅ፣ ከጣቱ ጠረገው።

«ጥቅምት አብረን እንሂድ፣ ትኬቱ በኔ» አልኩት።
ቆርቆሮውን ዘጋ። ጥቂት ጠበቅኩት።
«ይበርዳል» አለኝ። ቆየና፦ «ስንት ቀን ነው?»
የሥራ ሰዓት ወጥቷል፤ ሰልፉ ረዝሟል፤
አንድ ሰውዬ እግሩን አስቀድሞ ቆሟል።

መስቀሌ ግን ያየው የራሱን ጫማ ነው፦
ሰማያዊ ላስቲክ፣ ሶሉ ያለቀ፣ ልሙጥ።
ገለበጣት። በጥፍሩ ጫር አደረጋት።

«ይቺ አፈር አትይዝም» አለ፤
«ባዶዬን ልመለስ ነው?»