ሁለተኛው ጥቅልል

ነጋዴው ሁለት ዓይነት ፊልም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
"ይኼኛው የቀይን ዳርቻ ነካ አድርጎ የሚመለስ፣ በረከሰ ዋጋ፤
ያኛው ግን ከቀይ ወዲያ ማዶ፣ ዓይን ከቆመበት የሚያልፍ፤
ሙቀት ይገድለዋል፣ ጭላንጭል ይፈጀዋል፣ ዋጋውም እጥፍ።"
እጥፉን መረጥሁ። ሁለት ጥቅልል።

ጎንደር ድረስ እንደ ቅቤ፣ በእርጥብ ጨርቅ ታቅፌው ገባሁ፤
ፒያሳ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ደሳለው፣ "ፍሪጅህን አውሰኝ" አልሁ።
ከክትባቱ ጀርባ አኖረው።

የመጀመሪያውን ለካሜራው ያጎረስሁት ሌሊት ነው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፤
ጣቴ የፊልሙን ቀዳዳ ከጥርሱ ሲያገናኝ፣ እየቆጠርሁ በልቤ።
"ምን ትሠርቃለህ በጨለማ?" እማዋይሽ ከአልጋው ሳቀች።

ሌላው ፎቶ አንሺ ጥላ በሚሻበት በቀትር ወጣሁ፤
አስቀድሜ አነጣጠርሁ፤ ቀዩን ማጣሪያ ካጠለቅሁት ወዲያ ምን አያለሁ?
ከዚያ የሌንሱን ቀለበት ወደ ቀይዋ ነጥብ ፈቀቅ፣
ዓይኔ "ጠራ" ካለው ጥቂት ራቅ፤
የማይታየው ብርሃን የራሱ ማረፊያ አለው።

ታጥቦ ሲወጣ፦
የፋሲል መዋኛው ዋርካ፣ ግንቡን በሥሩ ጨምድዶ፣
ቅጠሉ ባዘቶ መስሎ፣ ሰማዩ በጥቁር ሐር ተጋርዶ፤
ከጥምቀት የተረፈው ውሃ ቀለም ሆኖ።
ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ጥዶቹ ነጭ ለብሰው ቆመዋል።
አንዱ ብቻ ጠቁሯል።

ኔጋቲቩን በማጉያ አየሁት፤ ጭረት የለም፣ የጣት አሻራ የለም።
በማግስቱ ሄጄ ሥሩ ቆምሁ፤ እንደ ወንድሞቹ ለምለም።
"ምን ጠፋህ?" አሉኝ ዘበኛው፣ አያ ጫቅሉ።
"ዛፉን እያየሁ ነው።"
"ዛፉ ምን ሆነ?"
"ምንም።"

ክረምቱ አልፎ፣ አደይ ሲፈካ፣ ከጫፉ ጀምሮ ቡላ ሆነ።
በኅዳር ቆረጡት። ግንዱን ሲጭኑ
አያ ጫቅሉ እኔን አዩ እንጂ ዛፉን አላዩም።

እማዋይሽ ይኼን አታውቅም። ፎቶዎቹን ስታገላብጥ፣ ሳትጠግብ፣
"እኔንስ በዚያ በቀረው?" አለች፤ "ቅጠሉን እንዲህ ካሳመረ፣ እኔንማ ምን ያህል ያስውብ!"
ጣቷ ከጥቁሩ ጥድ ላይ አርፎ ነበር።
"ጊዜው አልፎበታል" አልኋት፤ ዋሸሁ።
የተለመደውን ፊልም አጉርሼ፣ ሰው በሚያይበት ብርሃን አነሣሁ።
ሳቀች፤ ጥርሷ ነጭ፣ ነጠላዋ ነጭ፣
ሌላው እንደሚታየው።

አሁንም በወር በወሩ ደሳለው፣ "ይኼን ዕቃህን አትወስድም?" ይለኛል።
ፍሪጁን ከፍቼ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፤
"ትንሽ ይቀዝቅዝ" እለዋለሁ።