ሦስት ዳስ

በቡሄ ዋዜማ አባቴ ሐሜሶ
ጀልባውን ሳይጨርስ፥ መዶሻ ተንተርሶ፥
አሞራ ገደል ላይ ከውሃው ዳር አረፈ፤
ሚስማር የሚጠብቅ አንድ ሳንቃ ተረፈ።

ሬሳው ሳይገነዝ ጠባችን ተነሣ።
በሕይወቱም ሳለ ሰበባችን ዓሣ፥
ይጾማል አይጾምም እየተባባልን
ባንድ ትሪ ቀርበን ሳለ በሦስት ተከፈልን።

ታላቄ ቡሹራ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠርጎ፦
«ገብርኤል ነው የሚያርፈው፤ ክርስትና የተነሣው እዚያ ነው።»
ምህረቱ፥ የጊታር ክር ያደነደነውን ጣቱን አንሥቶ፦
«በስተርጅናው ጌታን ተቀብሏል!
እጁን ይዤ ወደ አዳራሹ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»
ትሬዛ ዝም አለች። መቁጠሪያዋን ጨበጠች።
ቆይታ፦ «ሲታመምስ ማን አስታመመው?
የእኛ ደናግል አይደሉም?»

እኔ?
አንገቴ ላይ ማተብ፥ ኪሴ ውስጥ የአዳራሹ መዘምራን መታወቂያ፤
ለማን ልፍረድ?

ጴጥሮስ ሆይ፥
በዚያ በሌላው ታቦር፥ ፊቱ እንደ ፀሐይ ሲያበራ አይተህ
የምትለው ቢጠፋህ «ሦስት ዳስ እንሥራ» አልህ።
እንኳን አልሠራሃቸው።
እኛ በሐዋሳው ታቦር ሥር ሠርተናቸዋል፥
በብሎኬት፥ በቆርቆሮ፥ በድምፅ ማጉያ፤
እሑድ ጠዋት ሦስቱም ባንድ ጊዜ ሲከፈቱ
ሐይቁ ዳር የቆሙት አባ ኮዳዎች ሳይቀሩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእድሩ ድንኳን በባጃጅ መጣ።
ዳኛው ጋሽ ሸንቁጤ ወርዶ ሁላችንን አየን።
«አስከሬኑ አንድ ነው። ድንኳንም ያለን አንድ ነው።
ምሰሶውን ማን ይይዛል?»

አንተን ሳትጨርስ ያቋረጠህ ደመና
ያን ጊዜ ከታቦር ወረደ።
ጠብ ጠብ እንኳ ሳይል ዱብ አለ፤
ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ ሸራውን ነፋው፤
ካስማው ጭቃው ውስጥ አልጸና ብሎ
አራታችን አራት ገመድ ያዝን።
ደንግጠን ሁላችን ቡሹራ ወዳለበት ሮጥን፤
ድንኳኑ በአፍጢሙ ተደፋ።

«ወደ አንድ ወገን አትሂዱ!» አለ ጋሽ ሸንቁጤ።
«ሁሉም ወደየራሱ ይሳብ!
ብቻ ቋጠሮው ከምሰሶው አይፈታ!»

ሳብን።
ቡሹራ ወደ ገብርኤል፥ ምህረቱ ወደ አዳራሹ፥
ትሬዛ ወደ ደናግሉ፥
እኔ፥ ወዴት እንደሆነ ሳላውቅ፥ ወደ ኋላዬ።
ድንኳኑ ቆመ።

(ለምሳሌ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ።
መዳፌ ተልጧል።)

ሌሊቱን በሙሉ ገመድ ይዘን አደርን፤
ዝናብ ሲጠነክር እጅ ለእጅ ተዳበልን።
በጨለማው መሐል አንዱ «አባታችን» አለ፤
ጸሎት ይሁን ለቅሶ ማንም አልለየ።
ያኛው «አባታችን ሆይ» ብሎ ሲጀምር፥
ይኸኛው «በሰማያት የምትኖር» ብሎ ቀደመ፤
ቃሉ ተጋጨ፥ ተደናቀፈ፥
«ስምህ ይቀደስ» ላይ ተገናኘን።

ቀብሩ?
ቀብሩ ገብርኤል ሆነ።
ምህረቱ ቃሬዛውን እስከ በሩ ተሸከመ፥ ከበሩ ወዲያ እግሩ አመነታ፤
የአዳራሹ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፥
ማንም ሳያዝዛቸው ጫማቸውን አውልቀው፥ በጭቃው ላይ።
አንዲት ደንግል ጃንጥላዋን ለቄሱ ዘረጋች።
ከዚህ የበለጠ አልሆነም። አላጋንንም።

ዛሬም በፍልሰታ ስለ ዓሣው እንከራከራለን።
ቡሹራ አዳራሽ አይገባም፤ ምህረቱ ጠበል አይጠጣም።
ያችን ሳንቃ ግን በአርባው ማግስት መታናት፤
አንዱ ሚስማር ያዘ፥ አንዷ ጥጥ ጠቀጠቀች፥
ሬንጁን እኔ አፈላሁ።

ጀልባዋ ታፈሳለች።
እንደ አባታችን እጅ የሆነ እጅ የለንም።
በተራ በተራ ውሃውን በጣሳ እየጨለፍን
እንቀዝፋለን።